ጥምሩን ዲግሪ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በነርስነት በዲግሪ ተመርቄ በመንግሥት ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። በአጥቢያችን ሐሙስ ሐሙስ የእናቶችን የጸሎት ኅብረት እመራለሁ፤ ቅዳሜ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ሰው ሲታመምና ሲያዝን፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚመጡት እኔ ጋር ነው። አንዳንዴ የምመልሰው ይጠፋኛል። መማር የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ ቀርቦልኛል። አንዱ በሥነ መለኮት የ2 ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ሌላው ሥነ መለኮትንና አገልግሎትን ያጣመረ፣ በማታና በቅዳሜ ሲማሩት 4 ዓመት የሚፈጅ ነው። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን «አንቺ አራት ዓመት ትለፊያለሽ፣ መድረኩ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል» ይላል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ እንደ አባቴ የማያቸው፣ «የተማሩት ሁሉ እሳታቸው ጠፍቶ ነው የሚመለሱት» ብለውኛል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ከውጭ አገር በኢንተርኔት ተምሬ እንድገላገል ትመክረኛለች። ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። ምን ይመክሩኛል? ዕድሜዬስ አልፏል?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ዕድሜሽ አላለፈም። የአገልግሎት ትምህርት እንዲያውም ወሊድም ሞትም ያየ ሰው ላይ ሥር ይሰድዳል፤ አንቺ ደግሞ በሥራሽ ሁለቱንም በየዕለቱ ታያለሽ። ወደ ዋናው ጉዳይ እንሂድ።

የምመክርሽን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን አስከትላለሁ። ጥምሩን ተማሪ፤ ይህን የምልሽ ግን አጥቢያሽ ከትምህርት ቤቱ ጋር አብራ ልታስተምርሽ ከተስማማች ብቻ ነው። ካልተስማማች የሁለት ዓመቱን ሥነ መለኮት ተምረሽ ጨርሺ። አጥቢያ የሌለበት የአገልግሎት ዲግሪ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር ብዙ አይፈይድም።

ሁለቱ ትምህርቶች ጠባያቸው ይለያያል። ሥነ መለኮቱ በአብዛኛው የወንበርና የመጽሐፍ ሥራ ነው፦ ብሉይና ሐዲስ ኪዳን፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ሥርዓታዊ ሥነ መለኮት፣ ሥነ ምግባር። ንባቡ ብዙ ነው፤ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ደግሞ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መብራት ካልጠፋ፣ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልትወጪው ትችያለሽ። አገልግሎቱን ግን ብቻውን ተቀምጦ የተማረው ሰው የለም። ስብከት ለመማር የሚሰማሽ ጉባኤ፣ ማጽናናት ለመማር ያዘነ ሰው፣ አመራር ለመማር የሚሞግትሽ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ እነዚህን በቅጥር ግቢው ውስጥ የሉትም፤ ያሉት አጥቢያሽ ውስጥ ነው።

«ሥነ መለኮቱ ለመምህራን ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ አገልግሎቱ ይበቃል» የሚል ሰው ያጋጥምሻል። አትስሚው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አብረውሽ ከሚወጡና ከሚወርዱ ጎረቤቶችሽ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ451 የተሰበሰበውን የኬልቄዶን ጉባኤ አትቀበልም። ለምን እንደማትቀበል፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ምን እንደምታስተምር በቅጡ ያልተማረ የወንጌል አገልጋይ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የማይሆን ነገር ተናግሮ ይነሣል፤ ቤተሰቡም ቂም ይይዛል። ልጇን የቀበረች እናት «ለምን ፈቀደ?» ስትልሽም የሚያስፈልግሽ የተሸመደደ ጥቅስ አይሆንም። መጽሐፈ ኢዮብን ከመምህር ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ ያነበበ ሰው፣ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ እንደ ሠሩ፣ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ እንደ ሆነ ያስተውላል። እንዲህ ያለው ንባብ ለቅሶ ቤት ገብተሽ የምታደርጊውን ይለውጠዋል።

ስለ ዲግሪዎቹ አሠራር ጥቂት ልበል። በሰሜን አሜሪካ ሰውን ለመጋቢነት የሚያዘጋጀው ዋናው ዲግሪ ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ወይም በአጭሩ ኤም ዲቭ የሚባለው ነው። በሙሉ ጊዜ ለሚማር 3 ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ እዚያ ያለው እውቅና ሰጪ ማኅበርም ቢያንስ 72 ክሬዲት ይጠይቃል። ማስተር ኦፍ አርትስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ሲሆን ዝቅተኛ መጠኑ 36 ክሬዲት ነው። ጥምር ፕሮግራም አንዳንድ ኮርሶች ለሁለቱም እንዲቆጠሩ ስለሚያደርግ ሁለቱን ለየብቻ ከመማር ያጥራል። የእኛዎቹም ስያሜውን በብዛት የወሰዱት ከዚያው ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ስለዚህ በራሪ ወረቀቱን አንብበሽ ብቻ እንዳትወስኚ። ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ሂጂ።

ስትሄጂ ከሁሉ በፊት ሲጨረስ የሚሰጥሽ ሁለት ዲግሪ ነው ወይስ ሁለት ዘርፍ የተጻፈበት አንድ ዲግሪ ብለሽ ጠይቂ። ቀጥሎ የመውጫውን ነገር አንሺ። በሁለተኛው ዓመት ብታረግዢ ወይም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትዛወሪ እስከዚያ የተማርሽው በአንዱ ዲግሪ ሊያስመርቅሽ ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂና ወረቀቱን ለባለቤትሽ አሳዪው፤ የአራት ዓመቱ ጭንቀት ግማሹ ይቀልለታል። የነርስነት ዲግሪሽንም ነገር አጣሪ። ኤም ዲቭ ከየትኛውም የትምህርት መስክ የመጣን ተመራቂ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው። አንዳንድ የሥነ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪዎች ግን በዚያው መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም የማሟያ ኮርሶችን ይጠይቃሉ። ለአንቺ «2 ዓመት» የተባለው ከማሟያው ጋር ሦስት ሆኖ ቢገኝ ሁለቱን መንገዶች የምታወዳድሪበት ሒሳብ ይለወጣል።

እውቅናን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። በአፍሪካ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አክቲያ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ ነው። የእሱን ምዘና ያለፈ ትምህርት ቤት ተማሪ ትምህርቷን ሌላ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ገብታ ለመቀጠል ይቀልላታል። የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲግሪው በጤና ጣቢያሽ ለደረጃ ዕድገት ይያዝልኛል የሚል ሐሳብ ካለሽ የሰው ኃይል አስተዳደሩን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ከተመረቁ በኋላ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በጥቂት ወራት ክፍያ ብቻ «ዶክተር» ስለሚያሰኙት ወረቀቶች የምለው ቢኖር አትጠጊያቸው ነው። በየአጥቢያው የተማረ ሰው የሚናቀው በከፊል በእነሱ ምክንያት ነው።

አሁን ከደብዳቤሽ ሁሉ ይበልጥ ወደ ያዘኝ ዓረፍተ ነገር ልምጣ፤ «አንዳንዴ የምመልሰው ይጠፋኛል» ብለሻል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 አንቶን ቦይሰን የሚባል አሜሪካዊ ቄስ፣ ራሱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ የዳነ ሰው፣ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይዞ ገባ። ተማሪዎቹ መጻሕፍትን በሚያነቡበት ትጋት በችግር ውስጥ ያለን ሰውም እንዲያነቡ ይፈልግ ነበር። ከዚያ የበቀለው የሆስፒታል የአገልግሎት ሥልጠና ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል፤ በአሜሪካ አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው። ዋናው መሣሪያ ቀላል ነው፦ ተማሪው ከሕመምተኛው ጋር ያደረገውን ንግግር እንደ ወጣ ቃል በቃል ይጽፈዋል፣ ከዚያ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያነበዋል።

ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት በጽኑ የታመመች ሴት «እግዚአብሔር ሳይረሳኝ አልቀረም» ትላለች። ተማሪዋ «አይዞሽ እህቴ፣ እሱ አይረሳም። እንጸልይ?» ትላለች። ሴትዮዋ «እሺ» ትላለች። ይጸለያል፣ አሜን ይባላል፣ ተማሪዋ ትወጣለች። ጽሑፉ ክፍል ውስጥ ሲነበብ መምህሩ «ረሳኝ ካለች በኋላ ምን ልትነግርሽ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዋ መልስ የላትም፤ አልጠየቀቻትምና። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «ጸሎቱ ያስፈለገው ለማን ነበር?» እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም የየራሱን ጽሑፍ ያስታውሳልና። በሴሚናሪ ባስተማርሁባቸው ዓመታት እንደዚህ ሰዓት ሰውን ሲለውጥ ያየሁት ትምህርት ጥቂት ነው። በሥነ መለኮት ፈተና ሁልጊዜ የሚበልጡት ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ይንተባተባሉ፤ ለዓመታት እናቶችን ሲጠይቁ የኖሩት ቀና ይላሉ።

አንቺ ለዚህ ከብዙዎች የቀረብሽ ነሽ። የሕመምተኛ ካርድ መጻፍ ታውቂያለሽ፣ ሰው ሲሰቃይ አትሸሺም። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጤና ጣቢያ የሰማሽው ምስጢር በሥራ አደራ የተቀበልሽው ነው፤ ለክፍል ጽሑፍ እንዳትጠቀሚበት። ለጽሑፉ በአጥቢያሽ በኩል የምትጠይቂያቸውን ሰዎች ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ስማቸውንና የሚታወቁበትን ነገር ቀይረሽ ጻፊ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «የ3ኛ ፎቅ አንዲት እናት» ማለት ስም ከመጥራት አይሻልም። የሐሙሱን ኅብረትም ቢሆን ጠብቂው፤ «እንጸልይላት» ተብሎ የሚጀመር ሐሜት ስንት ቤት እንዳፈረሰ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

ከሕክምና ወደ ስብከት የተሻገርሽ የመጀመሪያዋ ሰው አይደለሽም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከመሾማቸው በፊት በነቀምት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ረዳትነት ይሠሩ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመለሱና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. በእሳቸው ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትንና የልማት ሥራን ለያይታችሁ አትርዱ፣ ሰው አንድ ነው የሚል ነበር። ስለ መለኮት የተጻፈ ነው ቢባል ይሆናል፣ ስለ አገልግሎት ነው ቢባልም ይሆናል። ቄስ ጉዲናን ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ገደላቸው፤ ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ በሴሚናሪዎች ይነበባል። ትምህርት ከጀመርሽ ለመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራሽ ርዕስ ብታደርጊው አትቆጪም።

አሁን ወደ ሽማግሌው። አባባላቸውን ዝም ብለሽ አትለፊው፤ እኚህ ሰው ከመሬት ተነሥተው የተናገሩ አይመስለኝም። የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውሰጂ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በየቤቱ ተደብቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪ በሌላቸው ሰዎች፣ ብዙ ሴቶችም በነበሩባቸው መሪዎች እየተመሩ ቆዩ፤ ነፃነት ሲመጣ ወደ 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። ያንን ዘመን ያየ ሰው በወረቀት ባይመካ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የታሪኩን ቀጣይ ምዕራፍም አንብቢላቸው፦ ያቺው ቤተ ክርስቲያን በሯ እንደ ተከፈተ ብዙ ሳትቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጀመረች። በአንድ ጊዜ የጎረፈውን ሕዝብ ማን ያስተምረው የሚለው ጥያቄ በእሳት ብቻ የሚመለስ ስላልነበረ ነው።

እሳት ጠፋባቸው የሚባሉት ሰዎች እንዴት እንደ ጠፋባቸው ደግሞ ልብ በይ። ሴሚናሪ ሲገቡ የወጣት ኅብረቱን ለሌላ ያስረክባሉ፤ እሑድን ለንባብ ያውሉታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ የሚያውቃቸው ወጣት አድጎ ሄዷል፤ የተማሩትን የሚያካፍሉት ሰው የላቸውም፤ ስብከታቸው የክፍል ማስታወሻ ይመስላል። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ይሻሉ ነበር። የዜማ ተማሪ ጠዋት የተማረውን በበዓሉ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ፣ ከመምህሩ ጎን ይለዋል። ድምፁን ሲያበላሽ እዚያው ይታረማል። ጥሩ ጥምር ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የስብከት ኮርስ በምትወስጂበት መንፈቅ ትሰብኪያለሽ፤ የሰበክሽውን የሰማ መጋቢ ለትምህርት ቤቱ ይጽፋል።

ስለዚህ ከነሐሴ በፊት ከሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር ተቀመጪ። የምትጠይቂያቸው ጥቂት ነገር ነው፦ የመስክ ልምምድሽን የሚከታተል መጋቢ ማን ይሆናል? በአራቱ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ትሰብኪያለሽ? ከሐሙሱና ከቅዳሜው አንዱን ማን ይረከብሻል? ሁለቱንም ይዘሽ፣ ሥራሽን ይዘሽ፣ ልጆችሽን ይዘሽ መማር አትችይም፤ እችላለሁ ብትዪም አላምንሽም። እኔ ብሆን ቅዳሜን አስረክቤ ሐሙስን አስቀራለሁ፤ ቅዳሜ ክፍል አለሽ፣ የእናቶቹ ኅብረት ደግሞ ለምክር አገልግሎት ትምህርትሽ ዋናው ቦታ ነው። የተስማማችሁበት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሽማግሌዎች ይቀየራሉ፤ መጋቢ ይዛወራል፤ ቃለ ጉባኤ ይቀራል።

በዚያው ስብሰባ የባለቤትሽን ጥያቄ አንሺው። ጥያቄው የቅናት አይመስለኝም፤ «ከተማርሽ በኋላ ምን ትሆኛለሽ?» እያለ ነው፤ ይህን የሚመልስለት አጥቢያው ነው። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ይለያያሉ። መካነ ኢየሱስ ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ሌሎች ሴትን በወንጌላዊነት ወይም በመምህርነት ያሰማራሉ፣ ለመጋቢነት ግን አይሾሙም። የአንቺ አጥቢያ የቱ ጋ እንደምትቆም ከአራት ዓመት በኋላ ሳይሆን አሁን እወቂ። አንሾምም ቢሉሽ እንኳ መማርሽ ከንቱ አይሆንም፤ የሆስፒታል አገልግሎት አለ፣ ማስተማር አለ፣ የምክር አገልግሎት አለ። ብቻ ሳታውቂ እንዳትገቢ። ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። የትምህርት ክፍያውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ፎቶኮፒውን፣ ማታ ስለምትማሪ የሚቀርብሽን የዲዩቲ ክፍያ፣ ልጆቹን የምትይዘውን ሰው ደሞዝ ደምሩት። አጥቢያው የክፍያውን ጥቂት እንኳ ይሸፍን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ገንዘብ ያወጣ ጉባኤ ተማሪውን ይከታተላል።

መንገዱ ቀላል ነገር አይደለም። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ያለው ቦታ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ግን በቃሊቲና በሳሪስ አድርገሽ ከተማውን ማቋረጥ አለብሽ። ማታ ስትመለሺ የታክሲ ሰልፉን አንቺው ታውቂዋለሽ። የመሠረተ ክርስቶስ ትምህርት ቤት ያለው ደግሞ ቢሾፍቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከደጅሽ ነውና ኪሎ ሜትሩ ቢረዝምም ሰዓቱ የሚያጥርበት ቀን አለ። ከከተማ ውጭ የሚኖር ሰው ሁልጊዜ ወደ መሀል ከተማ ብቻ ያስባል። የሁለቱንም የጊዜ ሰሌዳና ፕሮግራም ጠይቂ። ከመመዝገብሽም በፊት በአንድ የሥራ ቀን፣ ከሥራ እንደ ወጣሽ፣ እስከ ክፍሉ በር ሄደሽ ማታ ተመለሺ። እቤት ስትደርሺ ልጆቹ ነቅተው ካገኘሻቸው ይቻላል።

የጓደኛሽ የኢንተርኔት ሐሳብ ለሥነ መለኮቱ ክፍል የማይናቅ ነው፤ ለአገልግሎቱ ግን እዚሁ የሚከታተልሽ ሰው ካልመደቡልሽ አይሆንም። በዶላር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬው ክፍያ የከርሞው እንደማይሆን አስቢ።

ቋንቋውን ችላ አትበዪ። በእንግሊዝኛ አንብበሽ በእንግሊዝኛ ፈተና ትጽፊያለሽ፤ ሐሙስ ግን የሚሰሙሽ እናቶች በአማርኛ ያለቅሳሉ፤ ገላንና ኮዬ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ። ከመጀመሪያው መንፈቅ ጀምሮ ያስረከብሽውን እያንዳንዱን የጽሑፍ ሥራ በአንድ ገጽ አማርኛ መልሰሽ ጻፊውና ለእናቶቹ አንብቢላቸው። ያልገባቸው ቦታ ብዙ ጊዜ አንቺም ያልገባሽ ቦታ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ግሪክኛውን ከዋናው ትምህርት በፊት በክረምት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ካለ በዚያ ጀምሪ፤ ከሌላ ኮርስ ጋር ሲደረብ ነው ሰው የሚያስመርረው።

ማመልከቻው ላይ ስለ ጥሪሽ ጻፊ ይሉሻል። ብዙው አመልካች ገጹን በጥቅስ ይሞላዋል። አንቺ «የምመልሰው ይጠፋኛል» ያልሽውን ጻፊ፤ መቼ እንደ ጠፋሽ፣ ማን ፊት እንደ ጠፋሽ፣ ስም ሳትጠቅሺ። የምርጫ ኮሚቴው ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልግሻል፤ አንዱን መጋቢው ይጽፉልሻል። ሁለተኛውን እሳት ይጠፋል ያሉሽን ሽማግሌ ለምኚያቸው። እምቢ ካሉሽ ምክንያታቸውን ቁጭ ብለሽ ስሚ። እሺ ካሉሽ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ጠይቂያቸው፦ በወር አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ከጸሎት በኋላ፣ የጻፍሽውን የምክር ንግግር ከመጋቢው ጋር ሆነው እንዲሰሙሽና እንዲያርሙሽ። መዝገብ ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት በፊት እቤታቸው ሂጂ፤ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ።